የኢንጂነር ሸራፋት ስምንተኛዋ እርግብ

ሸራፋት የባሌ ታላቅ ወንድም ነው። ስለ ባል ወንድም ክፉ መጻፍ ነውር መሆኑን አውቃለሁ። ስለዚህ መጀመሪያ ጥሩውን ልጻፍ ብዬ አንድ ሳምንት አሰብኩ። ቁመናው ጥሩ ነው። ሌላ አልመጣልኝም።

ሰው ሁሉ «ኢንጂነር ሳሂብ»፣ ጌታው ኢንጂነር፣ ይለዋል። በእኛ ከተማ በጉጅራት ኢንጂነር መባል ያን ያህል አይከብድም። ከተማዋ የምትኖረው ቬንትሌተር ሠርታ ነው፤ በየጓሮው ሞተር የሚጠመጥም፣ ክንፍ የሚቀባ፣ ሽቦ የሚቀጥል አለ። አራት ሽቦ በትክክል የቀጠለ ሰው ኢንጂነር ይባላል። ሸራፋት ሁለቱን ቀጠለና ማዕረጉን ቀድሞ ወሰደ።

ቴክኒክ ትምህርት ቤት ሁለት ዓመት ገብቶ ነበር። አስተማሪዎቹ ከእኔ በታች ስለሆኑ ተውኳቸው ይላል። ከዚያ ዱባይ ሄዶ ዘጠኝ ወር ቧንቧ ተሸከመ። ሲመለስ ጥቁር መነጽር አድርጎ፣ ደረት ኪሱ ላይ አራት እስክሪብቶ ሰክቶ መጣ። አንዱም አይጽፍም። የመድኃኒት ስም ልጽፍበት ተውሼ አራቱንም ስለሞከርኳቸው ነው የማውቀው።

ከሥራዎቹ ሁለቱን ብቻ ልናገር። ለጎረቤት የበር ደወል ሠራ፣ ዝናብ ሲዘንብ የሚጮኽ። እነዚያ ሰዎች ክረምቱን ሙሉ ለዝናብ በር ሲከፍቱ ከረሙ። የአማቴን ቴሌቪዥን ደግሞ ከፍቶ ጠገነ። ምስሉ ሄደ፣ ድምፁ ቀረ። አማቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ «ልጄ ሬዲዮ ሠራልኝ» ብላ መረቀችው። እናት ናት፣ ምን ታድርግ።

እኔ ሸሚም እባላለሁ። የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው፣ እሱንም ብዙውን ቀን እየቀረሁ። ቤቴ ውስጥ ደረጃው ሥር፣ ቆጣሪው ከተሰቀለበት ግድግዳ አጠገብ ቁጭ ብዬ በሪሞት የሚታዘዝ ቬንትሌተር የኤሌክትሪክ ሰሌዳ እበይዳለሁ። ነጋዴው በጆንያ ያመጣል፣ እኔ ጥቃቅኑን ዕቃ በእርሳስ አጣብቄ እመልሳለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ሆነኝ። የዕቃዎቹን ስም ሁሉ አላውቅም። አንዳንዱን በቀለሙ፣ አንዳንዱን እኔው ባወጣሁለት ስም ነው የምለየው።

እያንዳንዱ ሰሌዳ ላይ አንድ ጥቁር ዓይን አለ። ሪሞቱ የሚልከውን፣ ኢንፍራሬድ የሚሉትን፣ ሰው የማያየውን ብርሃን ያያል። ያየውን ለትንሿ ኮምፒዩተር ይነግራታል፣ ማይክሮኮንትሮለር የሚሏት እሷ ናት፤ እሷ ደግሞ ቬንትሌተሩን ታዛለች። ኤሌክትሪኩ ወደ ዓይኑ በሚገባበት ላይ ሁልጊዜ ሁለት ነገር አለ፤ አንዲት ባለ ቀለበት ሬዚስተርና አንድ በርሜል የመሰለ ካፓሲተር። እኔ ሁለቱን አንድ ላይ «ሮቶ» ነው የምላቸው። ጣሪያ ላይ እንዳለው የውኃ ሮቶ ናቸው። ከመንገድ የሚመጣው ውኃ ቢንተፋተፍም፣ ለአፍታ ቢቆምም፣ ሮቶ ካለ የቤት ቧንቧ አይሰማውም። ዓይኑ ስስ ነው። የሚጠጣው ኤሌክትሪክ ትንሽ ከተንቀጠቀጠ ያላየውን አየሁ ይላል።

ይህን ያስተማረኝ መጽሐፍ አይደለም። ሦስተኛ ዓመቴ ላይ ካፓሲተር አልቆብኝ፣ ማን ያየኛል ብዬ ሃምሳ ሰሌዳ ያለ ሮቶ ሠራሁ። ቬንትሌተሮቹ ገበያ ወጡና ፍሪጅ በተነሣ ቁጥር ራሳቸውን ማብራት ጀመሩ። አንዲት አሮጊት ጂኒ ገባበት ብላ የእሷን አውጥታ ጣለችው። ነጋዴው ሃምሳውንም ሰብስቦ ደጃፌ ላይ ደፋቸው። እያንዳንዷን ፈትቼ እንደገና ሠራኋት። ከዚያ ወዲህ አልረሳም።

አሁን ወደ ጣሪያው ልውጣ። ላይኛው ክፍልና ጣሪያው የተከራያችን የነዋዚሽ ነው። ሪክሾ፣ ባለ ሦስት እግሯን ታክሲ፣ ይነዳል፤ ግን ሪክሾ ነጂ ቢሉት ይቀየማል፣ እርግብ አብራሪ ነኝ ነው የሚለው። እርግቦቹ ለውዝ በቅቤ ይበላሉ። ልጆቹ ምስር ይበላሉ።

ሙቀቱ ሲከፋ ውድድር ይጀመራል። ከየተወዳዳሪው ጣሪያ ሰባት ሰባት እርግብ ሊነጋ ሲል ይለቀቃሉ፣ ከዓይን ይጠፋሉ፣ ቀኑን ሙሉ ሰማይ ላይ ይውላሉ። በየጣሪያው አንድ ዳኛ ተቀምጦ እያንዳንዷ ወደ ቤቷ የገባችበትን ሰዓት ይጽፋል። የሰባቱ ሰዓት ይደመራል፤ እርግቦቹ ብዙ የቆዩለት ያሸንፋል። አዋቂ ወንዶች አንገታቸውን ቀና አድርገው ቀኑን ሙሉ ባዶ ሰማይ ያያሉ። እኔ ምንም አልልም።

በእኛ ጣሪያ የሚዳኙት ቻቻ ሩልዱ፣ አጎቴ ሩልዱ እንደማለት፣ ነበሩ፤ ከግድግዳው ወዲያ ያሉት ሽማግሌ ጎረቤታችን። በፋብሪካ ሞተር ሲጠመጥሙ ኖረው ጡረታ የወጡ ናቸው። ባሌ እግሩ ተሰብሮ በተኛበት ዓመት የመጀመሪያውን የሰሌዳ ጆንያ ተሸክመው ያመጡልኝ እሳቸው ነበሩ። ሠላሳ አንድ ዓመት ዳኝተዋል። ደንቡ፣ ዳኛ ከሚዳኝበት ጣሪያ አይበላም፣ አይጠጣም ነው። ሌሎቹ ዳኞች ከሰዓት ሲሆን ደንቡን ይረሱታል። ቻቻ ግን ቂጣና ሽንኩርት በጨርቅ ቋጥረው፣ ውኃቸውን በጠርሙስ ይዘው ይወጣሉ። የባለቤቱ ጥላ ሥር እንኳ አይቀመጡም፣ የራሳቸውን ጃንጥላ ይዘረጋሉ።

የማኅበሩ ሊቀመንበር ሀጂ ማቅቡል ነው፣ ባለ ፋብሪካ። ራሱም እርግብ ያበርራል። የሚወዳደርበትን ውድድር ራሱ ይመራል፣ ዋንጫውንም ራሱ ይሰጣል፣ ብዙ ጊዜ ለራሱ። አንድ ቀን እኛ ቤት ሻይ ሊጠጣ መጥቶ ከመጋረጃው ወዲያ ሆኜ ሰማኋቸው።

«ሀጂ ሳሂብ፣ በዚህ ዘመን በሽማግሌ ዓይን ውድድር?» ይላል ሸራፋት። «ዓለም ይስቅብናል።»

«ምን ይሻላል ታዲያ?»

«ማሽን! ማሽን ጎረቤት የለው፣ ዘመድ የለው። አይበላ፣ አይጠጣ፣ አያንቀላፋ።»

«አንተ ትሠራዋለህ?»

«ተሠርቶ ያለቀ በሉት።»

ተሠርቶ ያለቀው ነገር ገና የእኔ ቆርቆሮ ውስጥ ነበር። በማግስቱ መጥቶ የተበላሹ ሰሌዳዎቼን የማጠራቅምበትን ቆርቆሮ ገለበጠው።

«ሸሚም፣ ከእነዚህ ውስጥ ደህና ዓይን ፈልጊልኝ።»

«ባይ ጂ» አልኩት፣ ወንድም ጋሼ ማለት ነው፣ «ገበያ ተሠርቶ ያለቀለት አለ እኮ። ርካሽ ነው።»

«ገዝቼ ፈጠርኩ ልበል? ራሴ ነኝ የምሠራው።»

ዓይኑን ከእኔ ወሰደ፣ ትራንዚስተር ከአሮጌ ሬዲዮ ነቀለ፣ ሰዓት የምትይዝ ትንሽ ኮምፒዩተር ጨምሮ አጣበቃቸው። እውነቱን ልናገርና፣ ይሠራ ነበር። በእርግብ ቤቱ በር በአንድ ወገን ብርሃን ላኪው፣ በሌላው ወገን ዓይኑ። እርግብ ስታልፍ ብርሃኑን ትቆርጣለች፣ ዓይኑ ይጨልምበታል፣ ትንሿ ኮምፒዩተር ጲጵ ብላ ሰዓቱን ትይዛለች። ሰባት ስትቆጥር ረጅም ጲጵ ብላ መዝገቧን ትዘጋለች። ሰባት እርግብ ነው ያለው፣ ስምንተኛ ከየት ይመጣል አለ።

ኤሌክትሪክ ሲሰጠው ግን ቆሜ አየሁት። የስልክ ቻርጀር አመጣ። ለኮምፒዩተሯ ችግር የለም፣ የሠሯት ሰዎች የራሷን ትልቅ ካፓሲተር አድርገውላታል። ለዓይኑ ግን የቻርጀሩን ሽቦ በጥርሱ ገፎ፣ ጠምዝዞ፣ ፕላስተር ለጥፎ በቀጥታ ሰጠው። ቻርጀሩ የተሰካው ደግሞ ዩፒኤሱ መስመር ላይ ነው። ዩፒኤስ በየቤታችን አለ፤ በፈረቃ መብራት ስትሄድ ከባትሪ የሚሰጠን እሱ ነው። መብራት በሄደች ቁጥር «ጠቅ» ይላል፣ ቬንትሌተሩ ለአፍታ ይደነግጣል፣ ከዚያ መዞሩን ይቀጥላል። ለምደነዋል። ጠቅ ሲል ማንም ቀና አይልም። ሸራፋትም ማሽኑን የሞከረው ጠዋት ጠዋት፣ መብራት ባለችበት ሰዓት ነው።

«ባይ ጂ» አልኩት፣ «ሮቶውስ?»

«የምን ሮቶ?»

«እነዚያ ሁለቱ፣ ከዓይኑ በፊት የሚገቡት... ወይ ደግሞ ለዓይኑ ለብቻው ባትሪ ድንጋይ ቢሰጡት...»

ወደ ባሌ ወደ ነዛከት ዞረ። «ሰማህ ወይ? ሚስትህ ማሽኔን ውኃ ልታጠጣው ነው።»

ባሌ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ ለምን እንደሆነ አላውቅም።

«ሸሚም፣ አንቺ በይጂ። ማሰቡን ለእኛ ተዪው።»

ተውኩለት።

የውድድሩ ቀን ሙቀቱ ወፍ የሚጥል ነበር። ከቀትር በኋላ ደረጃው አፍ ላይ ወጥቼ ሳይ፣ ቻቻ ጃንጥላቸው ሥር ፊታቸው አመድ መስሏል። የጠርሙሳቸው ውኃ አልቋል። አንድ ብርጭቆ ላሲ፣ እርጎ በውኃና በጨው በጥብጬ፣ ላክሁላቸው። ሁለት ጊዜ መለሱት። ሦስተኛውን ራሴ ይዤ ወጣሁ።

«ቻቻ፣ እኔ የእርግብ ባለቤት አይደለሁም፣ የቤት ባለቤት ነኝ።»

አሰቡ። ደንቡን በልባቸው ሲያገላብጡ አየኋቸው። «እርግብ የለሽማ» አሉና ጠጡ።

ሸራፋት ማሽኑን ከፈተና ጥቁር መነጽሩን አድርጎ ሩብ ሰዓት ያህል አጠገቡ ተቀመጠ። ከዚያ ወርዶ እኛ ቤት ሦስት ሳህን ሩዝ በላና አልጋዬ ላይ፣ ቬንትሌተሩ ሥር፣ አፉን ከፍቶ ተኛ። የማያንቀላፋው ማሽኑ ነው እንጂ እሱ እንደማያንቀላፋ ቃል አልገባም።

አሥር ሰዓት ላይ በፈረቃው መሠረት መብራት ሄደች። ጠቅ። ቬንትሌተሩ ደነገጠ፣ ሸራፋት አልደነገጠም። ወዲያው ከላይ የቻቻ ድምፅ መጣ።

«ኢንጂነር! ሳጥንህ ጮኸ! የገባ እርግብ የለም!»

መቀስቀስ ነበረብኝ። እንዴት እንደምለው አላውቅም፤ የባል ታላቅ ወንድም እንዴት ይቀሰቀሳል? አንድ ጊዜ ሳልኩ። ገለበጥ አለና ማንኮራፋቱን ቀጠለ።

ሲመሻሽ ተነሥቶ ፊቱን ታጠበና ወጣ። ሀጂ ማቅቡልና የማኅበሩ ሰዎችም መጡ። እኔ ከደረጃው በር ኋላ ቆምኩ። ቻቻ ከደብተራቸው አነበቡ፤ አምስቱ እርግቦች እስከ ዘጠኝ ተኩል ገብተዋል፣ ስድስተኛዋ አሥራ አንድ ከአሥራ ሁለት ደቂቃ፣ ሰባተኛዋ አሥራ ሁለት ከሃያ። በዚህ ነዋዚሽ አሸናፊ ነው። ሸራፋት ደግሞ ከማሽኑ አነበበ። አምስቱ ልክ እንደ ቻቻ ናቸው። ስድስተኛዋ ልክ አሥር ሰዓት፣ ሰባተኛዋ አሥራ አንድ ከአሥራ ሁለት። መዝገቡ ያንጊዜ ተዘግቷል። እውነተኛዋ ሰባተኛ አሥራ ሁለት ከሃያ ላይ ስትገባ የሚጽፋት አልነበረም። በዚህ ደግሞ አሸናፊው ሀጂ ማቅቡል ነው።

«ቻቻ፣ ፀሐይ መታህ እንዴ?» አለ ሸራፋት። እስከዚያች ሰዓት አንቱ ነበር የሚላቸው።

«አሥር ሰዓት ላይ የገባ የለም። ሳጥንህ ባዶ በር ላይ ጮኸ። ጠርቼሃለሁ እኮ።»

«አጠገብህ ቁጭ ብዬ ምን ያስጠራሃል?»

ይህን ሲል ጉንጩ ላይ የትራሴ ጥልፍ ታትሞ ነበር። ጽጌረዳ ነው። የጠለፍኩት ራሴ ነኝ።

ነዋዚሽ ጮኸ፣ ማለ፣ ፂሙን ያዘ። ባለ ጉዳይ ነው፣ ማን ይሰማዋል? ሀጂ ማቅቡል ቀስ ብሎ «ሰው ይዋሻል። ማሽን ለምን ይዋሻል?» አለ። ሁሉም ራሳቸውን ነቀነቁ። ትልቅ ነገር የተናገረ መሰላቸው። ከዚያ አንዱ ከጃንጥላው አጠገብ ብርጭቆውን አነሣ።

«ይኸውላችሁ! ዳኛችን ላሲ ጠጥቷል!»

«ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ ቂጣና ሽንኩርት እያለ!» አለ ሌላው።

«ቻቻ፣ በስንት ብርጭቆ ነው የተሸጥከው? በአንድ? ኧረ ረክሰሃል!»

ሳቁ። ቻቻ ብርጭቆውን አዩ። ማን እንዳመጣው መናገር ይችሉ ነበር። የሴት ስም ግን በወንዶች መሐል አያነሡም። ደብተራቸውን አጥፈው፣ ጃንጥላቸውን ዘግተው ወረዱ። በእኔ በኩል ሲያልፉ እንኳ አላዩኝም፤ ቢያዩኝ ሰው ይጠረጥራል ብለው ነው።

ማኅበሩ ለዓርብ ቀጠሮ ያዘ። እዚያው ጣሪያ ላይ፣ በሰው ፊት፣ የቻቻ ስም ከዳኞች ዝርዝር ሊሰረዝ። ሳምንቱን ሙሉ ዳቦ ቤቱም፣ ፀጉር ቤቱም «ላሲ ሳሂብ» ሲላቸው ሰነበተ። ሰባ አራት ዓመታቸው ነው። ከቤት መውጣት ተዉ።

ለባሌ ነገርኩት።

«ወንድሜን በሰው ፊት ተኝቶ ነበር ልበለው?»

«ተኝቶ ነበር አትበል። ሮቶ የለውም በል።»

«ደሞ ሮቶ! ሴትዮ፣ ሰው ይሰማሻል!»

መጥፎ ሰው አይደለም ነዛከት። ታናሽ ወንድም ነው፤ ሌላ ሥራ የለውም።

ሐሙስ ዕለት ልብስ ሳሰጣ ቻቻን በግድግዳው በላይ አገኘኋቸው።

«ቻቻ፣ ነገ እስከ አሥር ሰዓት ያቆዩአቸው። ሳጥኑ ተከፍቶ ይቆይ። መብራት ስትሄድ ዩፒኤሱ ጠቅ ይላል፣ ያኔ ዓይኑ የሌለ እርግብ ያያል።»

«እርግጠኛ ነሽ ልጄ?»

እንዲህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው ኖሮ አያውቅም። «አይመስለኝም» አልኩ። ከዚያ «አዎ» አልኩ።

ዓርብ ከጸሎት በኋላ ጣሪያው ላይ ተሰበሰቡ፤ እኔም ከደረጃው በር ኋላ ቆምኩ። እርግቦቹ ተቆልፎባቸው ነበር። ቻቻ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ።

«ስሜን ልትሰርዙ ነው፣ ሰርዙ። እስከ አሥር ሰዓት ግን ሳጥኑን ከፍታችሁ ተቀመጡ። በባዶ በር ካልጮኸ እኔው በእጄ እሰርዘዋለሁ።»

«ይሁን» አለ ሸራፋት፣ «ማሽኔ ትዕግሥት አለው።» መነጽሩን አደረገ።

ተቀመጡ። ሁሉም ሰዓቱን ያያል። አሥር ሰዓት ሆነ። የጣሪያው ቬንትሌተር ይዞራል። አሥር ከአምስት ሆነ። አሥር ከሩብ። ይዞራል።

መብራት አልሄደችም! ምጥ የያዛት ሴት አዋላጅ ፊት ተኝታ እያየች የምትሄደው፣ ቀብር ላይ፣ ሠርግ ላይ፣ ፈተና ላይ አንድ ቀን ምሕረት አድርጋ የማታውቀው መብራት፣ ያን ቀን ሳትሄድ ቀረች። በኋላ ሲወራ እንደሰማሁት አንድ ትልቅ ሰው ከተማችን ገብቶ ነበርና ለእሱ ክብር ፈረቃው ተሠርዟል። የእኛ ሹሞች ለእንግዳ ሲሉ መብራት አላቸው።

ጣሪያው በሳቅ ሞላ። «ቻቻ፣ የመብራት ኃይል ሰዎችንም ላሲ አጠጣሃቸው እንዴ?» አለ ሸራፋት። ሀጂ ማቅቡል መዝገቡን ከፈተና እስክሪብቶ ጠየቀ። ሸራፋት ከደረቱ መዘዘለት። አልጻፈም። ሁለተኛውን ሰጠው።

ያኔ ነው እግሬ የተንቀሳቀሰው። ደረጃውን ወረድኩ። አሥራ ስድስት እርከን ነው። ቆጣሪው አጠገብ ስደርስ ዋናው ማብሪያ ማጥፊያ እንደ ሁልጊዜው ከራሴ በላይ አለ። አሥራ አንድ ዓመት ሥሩ ተቀምጫለሁ፣ ነክቼው አላውቅም፤ የወንዶች ነው። ወደ ታች ሳብኩት።

ጠቅ አለ ዩፒኤሱ። ከላይ፣ ጲጵ።

ሳቁ ቆመ።

መለስኩት። መብራት ስትመለስ ዩፒኤሱ ቀስ ብሎ ነው የሚቀበላት፤ የሚደነግጠው ስትሄድ ነው። እስከ አሥር ቆጠርኩና እንደገና ሳብኩት። ጲጵ። ደግሜ። ጲጵ። ሥራ ነው፣ ሥራ አውቃለሁ። አራት። አምስት። ስድስት። ሰባተኛው ላይ ሳጥኑ ረጅሙን ጲጵ አለና መዝገቡን ዘጋ።

መጀመሪያ የጮኸው ነዋዚሽ ነው። «ሰባቱም ገቡ! ሀጂ ሳሂብ፣ ጻፉ እንጂ! በቁልፍ ተዘግተው ገቡ!»

«ኢንጂነር ሳሂብ» አለ ሌላ ድምፅ፣ «ባለፈው ስምንት ነበሩ፣ ስምንተኛዋን የት ደበቅሃት?»

«ለውዝ ትበላለች ወይስ ኤሌክትሪክ?»

ሸራፋት ደረጃውን እየዘለለ ወረደ። እጄ ማጥፊያው ላይ ሆኖ አገኘኝ። መነጽሩን አወለቀ። ዓይኖቹን በቅርብ ያየሁት ያን ቀን ነው፤ የፈራ ሰው ዓይኖች ናቸው።

«ታች ያለው ማነው?» ብሎ ጠራ ሀጂ ማቅቡል ከላይ።

«ማንም የለም!» አለ ሸራፋት ወደ ላይ። «መብራት ናት!» ለእኔ ደግሞ በሹክሹክታ፣ «ሸሚም፣ ግቢ።»

ብገባ ሁሉም ባለበት ይቀር ነበር። መብራት ሄደች መጣች ይባልና ያልፋል። ብርጭቆው ግን የቻቻ ሆኖ ይቀራል።

«እኔ ነኝ» አልኩ። ወደ ላይ አልደረሰም። ደገምኩት። «እኔ ነኝ፣ ሸሚም። ማጥፊያውን የነካሁት እኔ ነኝ። ላሲውንም የላክሁት እኔ ነኝ። ቻቻ ሁለቴ መልሰውታል። ኢንጂነሩ አሥር ሰዓት ላይ አልጋዬ ላይ ተኝተው ነበር።»

ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ነው ያልኩት። ከዚያ ገብቼ በሩን ዘጋሁና ተቀመጥኩ።

የነዋዚሽ ሰዓት ተመለሰለት። ዋንጫውም ተሰጠው፣ ባልዲ የሚያህል ነው፤ እርግቦቹ ውኃ ይጠጡበታል። ሸራፋት በመጀመሪያው ቀን ቻርጀሩ ነው አለ። በሁለተኛው ቀን ሙቀቱ ነው አለ። በሦስተኛው ቀን ማኅበሩ ንቁ መሆኑን ልፈትን ብዬ ነው አለ፣ ይህችኛዋ ስለተስማማችው በእሷ ጸና። ባሌ ዘጠኝ ቀን አላናገረኝም። በአሥረኛው ሳጥኑን ይዞ መጣ።

«ባይ ጂ ነው የላከው። ያንን... የምትዪውን ነገር አድርጊበት ይላል።»

«የምን ነገር?»

«አታድክሚኝ። ሮቶውን።»

አደረግሁበት። ሬዚስተሯንና ካፓሲተሩን አስገባሁ፣ ለዓይኑም ለብቻው ሦስት ባትሪ ድንጋይ ሰጠሁት። አሁን ዩፒኤሱ ጠቅ ቢል፣ ቤቱ ቢናወጥ፣ አይጮኽም። ሸራፋት «የሸራፋት ዘዴ» ብሎ ስም አወጣለት። የስም ካርዱ ላይም አሳትሞታል።

ሀጂ ማቅቡል ሁለት ሰው አስከትሎ፣ ጣፋጭ በካርቶን ይዞ ወደ ቻቻ ቤት ሄደ። በግድግዳው በኩል ይሰማል።

«ቻቻ፣ ይመለሱልን። እንደ አንቱ ያለ ዳኛ የለም።»

«ሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ አንድ ሰዓት አሳስቼ አውቃለሁ?»

«አያውቁም።»

«ይህን ያን ቀንም ታውቁት ነበር?»

የጣፋጩ ካርቶን ሲንኮሻኮሽ ተሰማ።

«ሳጥኑ ሲዋሽ ስላያችሁት ነው እኔ እውነተኛ የሆንኩት። ልጅቷ ባትወርድስ ኖሮ?»

«ባትወርድማ...» አለ ሀጂ ማቅቡል።

«ሳጥኑ ተሠርቷል አሉ። እሱን አስቀምጡ» አሉ ቻቻ፣ እንዲወጡም በሩን ከፈቱላቸው።

አስቀመጡት። አሁን በእኛ ጣሪያ ዳኛው ሳጥኑ ነው። የሳጥኑ ጠባቂ ተብሎ የተመደበው ሸራፋት ደግሞ ከቀትር በኋላ ወርዶ ሩዝ ይበላል፣ ይተኛል። ሮቶውን ልንቀለው ብዬ አንድ ሁለቴ መበየጃውን አሙቄ ነበር። ሳልነቅለው ቀዘቀዘ።

ትናንት ልብስ ሳሰጣ ቻቻ ግቢያቸው ውስጥ ቆመው ነበር። ሰማይ ላይ የነዋዚሽ እርግቦች እንደ ነጥብ ይታያሉ። ቀና ብለው አላዩም።

«ልጄ፣ ያንን ነገር በደንብ በይደሽዋል?»

«አዎ ቻቻ።»

«እንግዲያው ይቆጥራል» አሉና ወደ ውስጥ ገቡ።